ወደ ጅማ ሲዛወሩ ለሴት ልጅ የግል ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አመራረጥ

በዩኒቨርሲቲው፣ በሕክምና ማዕከሉ፣ በባንክ ወይም በመንገድ ሥራ ተመድበው፣ አንዳንዶቹም የቡናው ንግድ ስቧቸው ቤተሰባቸውን ይዘው ወደ ጅማ የሚዛወሩ ሰዎች ጥቂት አይደሉም። የቤት ኪራዩ ጉዳይ በደላላ፣ የዕቃው ጉዳይ በአይሱዙ ያልቃል። ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ያለች ሴት ልጅ ይዞ መምጣት ግን የተለየ ጥንቃቄ ይጠይቃል፤ ምክንያቱም አራቱ የሁለተኛ ደረጃ ዓመታት የሚደመደሙት በአንድ አገር አቀፍ ፈተና ስለሆነ፣ በማይሆን ትምህርት ቤት የባከነ ዓመት ኋላ ላይ በቀላሉ አይካካስም።

ይህ መመሪያ የትምህርት ቤቶችን ስም እየጠራ ደረጃ አያወጣም። አንድ ርእሰ መምህር ሲቀየር ወይም ጥሩ የሒሳብና የፊዚክስ መምህራን ሲለቁ የአንድ ትምህርት ቤት መልክ በአንድ ክረምት ስለሚለወጥ፣ ጎረቤት የነገረን የአምና ምስጋና ለዘንድሮ ላይሠራ ይችላል። እዚህ የሚቀርበው ወላጁ ራሱ የሚመዝንባቸው ጥያቄዎች ናቸው፤ ከሁሉም የሚቀድመው ደግሞ 9ኛ ክፍል ከገቡት ሴቶች ውስጥ ስንቶቹ እዚያው ትምህርት ቤት 12ኛ ክፍል ደርሰው እንደሚፈተኑ መጠየቅ ነው።

የሴቶች ብቻ ወይስ የጋራ

በመጀመሪያ አንድ ምኞት በልኩ መያዝ አለበት። በጅማ ያሉት የግል ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በአብዛኛው ወንድና ሴት አብረው የሚማሩባቸው ናቸው። ለሴቶች ብቻ የተቋቋመ የግል ትምህርት ቤት በአገራችን ድሮም ብርቅ ነው፤ ስሙ ቶሎ የሚነሣው ናዝሬት ትምህርት ቤትም የሚገኘው አዲስ አበባ ነው። እቴጌ መነን የልጃገረዶች አዳሪ ትምህርት ቤትም እዚያው አዲስ አበባ ሲሆን የመንግሥት ነው፤ የሚገባበትም በክፍያ ሳይሆን በውጤት ተመርጦ ነው። ስለዚህ «የሴቶች ትምህርት ቤት ካልሆነ አላስገባም» ያለ ወላጅ ልጁን 350 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ዘመድ ቤት እንድትቀመጥ መወሰኑ ነው።

በእኔ ግምት ይህ ውሳኔ አልፎ አልፎ ካልሆነ በቀር አያዋጣም። ዘመድ ቤት የተቀመጠች የ15 ወይም የ16 ዓመት ልጅ ዘመዶቿ ምንም ደግ ቢሆኑ እንግዳ ስትመጣ ቡና የምታፈላው፣ ሕፃን ሲታመም የምታስታምመው፣ ማታ ሳህን የምታጥበው እሷ ናት፤ ከትምህርት ቤቱ ያገኘችውን በማጥኛ ሰዓቷ ትከፍለዋለች። አንድ ሁኔታ ግን ለብቻው ይታይ። ልጅቷ 12ኛ ክፍል ከሆነችና ዝውውሩ በዓመቱ መካከል ከመጣ፣ የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች ምዝገባ የሚካሄደው በሚማሩበት ትምህርት ቤት በኩል ስለሆነ፣ ዓመቱን እዚያው በነበረችበት ብትጨርስ ይሻላል። ቢቻል እናት ወይም ታላቅ እኅት አብራት ትቆይ።

ወላጆች የሴቶች ብቻ ትምህርት ቤት ለምን እንደሚፈልጉ ሲጠየቁ ከሚሰጧቸው ምክንያቶች መካከል ደኅንነት፣ ሃይማኖትና «ክፍል ውስጥ ወንዶቹ ስለሚበዙባት አትናገርም» የሚሉት ይገኙበታል። እነዚህን ሦስቱንም በጋራ ትምህርት ቤት ውስጥ አንድ በአንድ መመርመር ይቻላል። በሩ ላይ ከተጻፈው ይልቅ ግቢው ውስጥ የሚሠራበትን ማየት ይጠቅማል።

ቁጥሩን መጠየቅ

የግል ትምህርት ቤቶች በክረምት ግድግዳና አጥር ላይ በሚሰቅሉት ባነር የከፍተኛ ውጤት ባለቤቶችን ፎቶ ይደረድራሉ። ፎቶዎቹ እውነተኛ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ነገር ግን ፎቷቸው ስላልተሰቀለው ተማሪዎች ምንም አይነግሩንም። የ12ኛ ክፍል ፈተና ተማሪዎች በዩኒቨርሲቲ ግቢ እየገቡ መፈተን ከጀመሩበት ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ ጉዳዩ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ አገሩ ሁሉ አይቷል። በአገር አቀፍ ደረጃ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 በመቶ ናቸው። በ2015 ዓ.ም. አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች 1,328 ነበሩ። በዚህ መካከል «100 በመቶ አሳለፍን» የሚል ትምህርት ቤት ሲገኝ ደስ ይላል፤ ደስታው ግን ከስንት ተፈታኝ እንደሆነ ከተጠየቀ በኋላ ይሁን።

ጥያቄው በሦስት ይከፈላል። የመጀመሪያው ባለፈው ዓመት ስንት ተማሪዎች ተፈተኑ፣ ከእነዚህስ ስንቶቹ ሴቶች ናቸው የሚለው ነው። ሁለተኛው ከተፈተኑት ሴቶች ስንቶቹ በቀጥታ ለዩኒቨርሲቲ የሚያበቃ ውጤት አመጡ የሚለው ሲሆን፣ እዚህ ላይ «ዩኒቨርሲቲ ገቡ» የሚለው መልስ ሪሜዲያል (ግማሽ ያላመጡ ተማሪዎች የሚወስዱት የማካካሻ ትምህርት) የገቡትን ጨምሮ እንደሆነና እንዳልሆነ መለየት ያስፈልጋል፤ በቀጥታ ማለፍና በሪሜዲያል መግባት አንድ አይደሉምና። ሦስተኛውና ብዙ ወላጅ የማይጠይቀው ደግሞ እነዚያ የተፈተኑት ልጆች ከሦስት ዓመት በፊት 9ኛ ክፍል በነበሩበት ጊዜ ሴቶቹ ስንት ነበሩ የሚለው ነው።

የዚህ የሦስተኛው ጥያቄ መልስ ነው ትምህርት ቤቱን የሚገልጠው። ለምሳሌ 9ኛ ክፍል 60 ሴቶች ተመዝግበው 12ኛ ክፍል 20 ብቻ ከተፈተኑ፣ የ40ዎቹ ነገር መጠየቅ አለበት። በዝውውር ከተማ የለቀቁ ይኖራሉ፤ ክፍያው ከብዷቸው ወደ መንግሥት ትምህርት ቤት የሄዱ ይኖራሉ፤ ይህ የየትኛውም የግል ትምህርት ቤት ዕጣ ነው። ነገር ግን ከ11ኛ ክፍል መጨረሻ ላይ ውጤታቸው ዝቅ ያለውን «ሌላ ቦታ ብትሞክሪ ይሻልሻል» እያሉ በመልቀቂያ የሚሸኙ ትምህርት ቤቶች አሉ። ባነሩ ላይ ያለው 100 በመቶ የሚገኘው አንዳንድ ጊዜ በዚህ መንገድ ነው። ልጅዎ ጎበዝ ብትሆንም እንኳ ደካማውን የሚጥል ትምህርት ቤት ጎበዟን በታመመችበት ወይም በተቸገረችበት ሴሚስተር እንዴት እንደሚይዛት ከዚህ መገመት ይቻላል።

ርእሰ መምህሩ ቁጥሩን መዝገብ ገልጦ ከነገረዎት፣ ቁጥሩ ዝቅተኛ እንኳ ቢሆን፣ ይህ በራሱ ጥሩ ምልክት ነው። «ብዙ ናቸው፣ አይጠረጠሩ» የሚል መልስ ግን እንደ መልስ አይቆጠር። ሴቶቹ በተለይ በተፈጥሮ ሳይንስ ምን ያህል እንደሆኑም ይጠየቅ፤ በአንዳንድ ቦታ የሒሳብና የፊዚክስ ውጤቷ ትንሽ ዝቅ ያለችን ልጅ ሳያማክሯት ወደ ማኅበራዊ ሳይንስ የመግፋት ልማድ አለ። ተቃራኒውም ይታያል፤ የማኅበራዊ ሳይንስ ተማሪዎች ጥቂት ስለሆኑ ክፍሉን የማይከፍቱ የግል ትምህርት ቤቶች ስላሉ፣ ልጅዎ ወደ ሕግ ወይም ወደ ኢኮኖሚክስ ካዘነበለች በ11ኛ ክፍል ሌላ ትምህርት ቤት ፍለጋ እንዳይወጡ አስቀድመው ያረጋግጡ።

ከትምህርት ቤቱ ውጭ የሚገኘው መረጃ

ማንኛውም የግል ትምህርት ቤት ፈቃድ ይዞ የሚሠራና በኢንስፔክሽን የሚመዘን ነው። ምዘናው ትምህርት ቤቶችን ከ1 እስከ 4 ባለው ደረጃ ይመድባል፤ ከ50 በመቶ በታች ያገኘ ደረጃ 1፣ ከ50 እስከ 70 በታች ደረጃ 2፣ ከ70 እስከ 90 በታች ደረጃ 3፣ ከዚያ በላይ ደረጃ 4 ይባላል። የሚመዘነው ግብዓቱ፣ የመማር ማስተማሩ ሂደትና ውጤቱ ነው። በአገሪቱ ያሉት አብዛኞቹ ትምህርት ቤቶች ደረጃ 3 አልደረሱም፤ ስለዚህ ደረጃ 2 መሆኑን ሲሰሙ ተደናግጠው አይመለሱ፣ ነጥቡ የወደቀበትን ክፍል ይጠይቁ እንጂ። በቤተ ሙከራና በቤተ መጻሕፍት የወደቀውና በማስተማሩ የወደቀው እኩል አይታዩም። ፈቃዱ እስከ 12ኛ ክፍል መሆኑንና የዘመኑ እድሳት መደረጉን ከከተማው ትምህርት ጽሕፈት ቤት መጠየቅ ይቻላል። 9ኛና 10ኛን ብቻ የሚያስተምር ትምህርት ቤት ልጅቷን ከሁለት ዓመት በኋላ እንደገና ወደ ፍለጋ ይመልሳታል።

ሌላው ምንጭ ሰው ነው። አከራይዎ፣ የመሥሪያ ቤት ባልደረባዎ፣ የዕድርና የማኅበር ሰዎች ሁሉም አስተያየት አላቸው፤ ይሁን እንጂ የወንድ ልጅ ወላጅ የሚነግርዎትና የሴት ልጅ ወላጅ የሚነግርዎት የተለያየ ነው። የሚሻለው አሁን እዚያ 11ኛ ወይም 12ኛ ክፍል የምትማር ልጅ ያላት እናት ማግኘት ነው። የዩኒቨርሲቲ ሠራተኞች ስለ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ኮሚዩኒቲ ትምህርት ቤት የመሥሪያ ቤታቸውን አሠራርና ቅድሚያ አሰጣጥ ቀድመው መጠየቅ ይገባቸዋል፤ የቦታ ጉዳይ በነሐሴ ሲጠየቅ ብዙ ጊዜ ዘግይቷል።

ግቢውን ማየት

ትምህርት ቤት በክረምት ባዶውን ሲታይ ሁሉም ንጹሕ ነው። ቢቻል ትምህርት ባለበት ቀን፣ ለዚያውም በዕረፍት ሰዓት ይሂዱ። ዝውውሩ ክረምት ላይ ከሆነም አንዱ ወላጅ ለሥራ ጉዳይ ቀደም ብሎ ሲመጣ በግንቦት ወይም በሰኔ መጀመሪያ ጎራ ቢል ጥሩ ነው።

አጉል መስሎ ቢታይም ከቢሮው በፊት የሚታየው የሴቶች መጸዳጃ ቤት ነው። እናት ወይም አክስት ትግባ። ለወንዶችና ለሴቶች ተለይቶ በርቀት መሠራቱን፣ በሩ ከውስጥ መቀርቀሪያ እንዳለው፣ ውስጡ መብራት ወይም ብርሃን የሚያስገባ መስኮት እንዳለው ታስተውል። ከዚያ ቧንቧውን ትክፈተው። የከተማው ውኃ በሚጠፋበት ቀን ትምህርት ቤቱ በሮቶ ያከማቸው ውኃ ወደ መጸዳጃው ይደርሳል ወይስ ሮቶው ያለው መምህራን ክበብ ጓሮ ብቻ ነው? አንድ ሙሉ ትምህርት ቤት ያሉ ሴቶች የሚጠቀሙባቸው ክፍሎች ቁልፍ ኪስ ውስጥ ይዞ የሚዞር ጥበቃ ካጋጠመም፣ ልጃገረዶቹ ቁልፍ የሚጠይቁት እሱን ነው ማለት ነው። የወር አበባዋ የመጣባት ልጅ ወንድ ጥበቃ ፊት ቆማ ቁልፍ ከምትለምን ቀኑን ሙሉ ከወንበሯ ሳትነሣ መዋልን ወይም በማግሥቱ መቅረትን ትመርጣለች። በየወሩ ሁለት ሦስት ቀን የምትቀር ልጅ የሒሳብ ትምህርት ሲከብዳት «ሰነፈች» መባሏ የተለመደ ነው።

ስለዚህ ሞዴስ በድንገት ሲያስፈልግ የት እንደሚገኝ፣ ማን እንደሚሰጥ፣ ልጅቷ ልብስ ቀይራ ትንሽ የምታርፍበት ክፍል እንዳለ በግልጽ መጠየቅ ነውር የለውም። ጥያቄውን አባት ቢጠይቀውም ያው ነው፤ እንዲያውም ርእሰ መምህሩ በጥያቄው አፍሮ ነገሩን ካዞረ፣ የ14 ዓመት ልጅ እሱ ፊት ችግሯን ልትናገር እንደማትችል ከዚህ ይታወቃል። አንዳንድ ትምህርት ቤቶች ይህን ጉዳይ ለሴት ተማሪዎች ክበብ ሰጥተዋል። ክበቡ ስሙ ግድግዳ ላይ ከመለጠፉ አልፎ ቁም ሣጥኑ ውስጥ ዕቃ እንዳለ ያሳዩዎት ዘንድ ይጠይቁ።

ቀጥሎ የሚታየው ክፍሉ ነው። የሁለተኛ ደረጃ መለኪያው ለአንድ ክፍል 40 ተማሪ ነው፤ ለግል ትምህርት ቤት መክፈል ትርጉም የሚኖረው ቁጥሩ ከዚህ ካልበለጠ ነው። ርእሰ መምህሩ ከፈቀደ ለአንድ ክፍለ ጊዜ ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጠው ይመልከቱ። መምህሩ ጥያቄ ሲጠይቅ የሚመልሰው ማን ነው? እጅ የሚያወጡት ፊት የተቀመጡ ጥቂት ወንዶች ብቻ ከሆኑና መምህሩም በእነሱ መልስ ረክቶ ወደ ቀጣዩ ከተሻገረ፣ የሴቶች ብቻ ትምህርት ቤት የሚፈልጉ ወላጆች የሚፈሩት ነገር እዚያ አለ። ጥሩ መምህር እጇን ያላወጣችውን በስሟ ይጠራታል፤ ስትሳሳትም ክፍሉ እንዳይስቅ ይከለክላል። ይህን በአንድ ክፍለ ጊዜ ማየት ይቻላል።

ቤተ ሙከራውን ሲያሳዩዎት ጠርሙሶቹ ላይ ያለው አቧራ ብዙ ይናገራል። የኮምፒውተር ክፍሉም እንዲሁ ነው፤ ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ የተወሰኑ ተማሪዎች የ12ኛ ክፍልን ፈተና በኮምፒውተር እየወሰዱ ስለሆነ፣ ማውዝ ይዛ የማታውቅ ልጅ የምታውቀውን ጥያቄ እንኳ በሰዓቱ ላትጨርስ ትችላለች። ማሽኖቹ ስንቱ እንደሚሠሩ፣ መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር እንዳለ፣ በሳምንት ስንት ጊዜ ተማሪዎቹ እንደሚነኩአቸው ይጠየቅ። የአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት መጻሕፍት በወረቀት ለእያንዳንዷ ተማሪ መድረሳቸውም ከዚሁ ጋር ይነሣ፤ በብዙ ቦታ ተማሪዎች በስልክ ፒዲኤፍ እያነበቡ ነው።

ስለ ደኅንነት የሚጠየቀው «ደኅንነት አለ ወይ» ተብሎ አይደለም፤ ሁሉም አለ ይላል። መምህር ወይም ተማሪ ልጅቷን ቢያስቸግራት ለማን እንደምትናገር፣ ያ ሰው ሴት መሆኗን፣ የተነገራት ነገር በጽሑፍ ተይዞ ምን እርምጃ እንደሚወሰድ ይጠይቁ። የትምህርት ቤቱ ዩኒት ሊደሮች (የተማሪዎችን ሥርዓት የሚከታተሉት ኃላፊዎች) ሁሉ ወንዶች ከሆኑ፣ ስም ጠሪዎቹም እንዲሁ ከሆኑ፣ ሴቷ የምትሄድበት የለም። መምህራን ተማሪዎችን በግል ቤታቸው ማስጠናት መከልከላቸውን ወይም መፈቀዱን በቀጥታ ማወቅ ያስፈልጋል። ቱቶሪያል የሚሰጥ ከሆነ በትምህርት ቤቱ ግቢ፣ በር ክፍት ሆኖ፣ ከአንድ በላይ ተማሪ ባለበት ይሁን።

መንገዱና ዝናቡ

ከሌላ ከተማ የሚመጡ ወላጆች በብዛት ቤት ይከራዩና ከዚያ ለቤቱ የሚቀርብ ትምህርት ቤት ይፈልጋሉ። ሴት ተማሪ ላለችበት ቤት ቅደም ተከተሉ ቢገለበጥ ይመረጣል። ጅማ ሰፊ ከተማ አይደለችም፤ ነገር ግን ከቂጦ ፉርዲሳ በኩል ተነሥቶ መርካቶን ወይም ፈረንጅ አራዳን አቋርጦ ወደ ጅሬን መውጣት በጠዋቱ ግርግር ላይ በካርታ እንደሚታየው አጭር አይደለም። ዝናቡ ደግሞ የአዲስ አበባ ሰው እንደለመደው ሐምሌና ነሐሴ ላይ ብቻ የሚወርድ አይደለም። በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ የሚዘንብበት አገር ነው፤ ከመጋቢት ወይም ከሚያዝያ ጀምሮ እስከ መስከረምና ጥቅምት ይዘልቃል። ይህ ማለት የትምህርት ዓመቱ ትልቁ ክፍል ዣንጥላና ጭቃ አለበት ማለት ነው። አስፋልትና ኮብልስቶን ባልደረሰበት ውስጥ ለውስጥ መንገድ ላይ ባጃጅ አይገባም ወይም ዋጋ ይጨምራል፤ ልጅቷም ከዋናው መንገድ ወርዳ በእግሯ ትሄዳለች።

ስለዚህ መንገዱን በልጅቷ ሰዓት መሄድ ይጠቅማል። ጠዋት ከመግቢያው በፊት፣ ከሰዓት በኋላም ትምህርት በሚለቀቅበት 9 ሰዓት ተኩል አካባቢ ከትምህርት ቤቱ በር ፊት ለፊት ካለ ሻይ ቤት ተቀምጠው ይመልከቱ። ባጃጆች የሚሰለፉት የት ነው? በሩ ላይ ሥራ ፈትተው የሚቆሙ ወጣቶችን ጥበቃው ያባርራል ወይስ አብሮ ያወራል? ተማሪዎቹ በቡድን ይወጣሉ ወይስ አንዳንዶቹ ብቻቸውን ወደ ጎን መንገድ ይታጠፋሉ? ማታ ቱቶሪያል ካለ ከ11 ሰዓት በኋላ ያለውንም ማየት ነው፤ ሲመሽ መንገዱ ሌላ ነውና።

የባጃጅ ኮንትራት የሚይዙ ወላጆች ሹፌሩን የሚያገኙት ብዙውን ጊዜ በሰው በሰው ነው። ሹፌሩ መታወቂያው፣ የታርጋ ቁጥሩና የሚያሽከረክርበት ማኅበር ይመዝገብ፤ ልጅቷ ብቻዋን ሳትሆን ከሁለት ሦስት የሰፈር ልጆች ጋር ትሳፈር፤ ክፍያው በልጅቷ እጅ ሳይሆን በወላጅ እጅ በወሩ መጨረሻ ይሰጥ። ከሹፌሩ ጋር የገንዘብ ጉዳይ የሚነጋገር ወላጅ መሆኑ ልጅቷን ከብዙ ነገር ይጠብቃታል። ትምህርት ቤቱ ሰርቪስ ካለው መኪናው ላይ ረዳት እንዳለ፣ መጨረሻ የምትወርደዋ ማን እንደሆነች ይጠየቅ፤ መጨረሻ የምትወርደዋ ሁልጊዜ የእርስዎ ልጅ ከሆነች መስመሩ እንዲቀየር መጠየቅ መብትዎ ነው።

ቋንቋ

ከአዲስ አበባ ወይም ከሌላ ክልል የምትመጣ ልጅ በጅማ ከሁሉ በፊት የምትቸገረው ምናልባት በኦሮምኛ ነው። በኦሮሚያ ተማሪዎች በአንደኛና በመካከለኛ ደረጃ የሚማሩት በአብዛኛው በአፋን ኦሮሞ ሲሆን፣ ሁለተኛ ደረጃ ላይ የማስተማሪያ ቋንቋው እንግሊዝኛ ይሆናል፤ አፋን ኦሮሞ ደግሞ እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት ይቀጥላል። ልጅቷ የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና ላይ ኦሮምኛ አትፈተንም፤ የፈተናው ይዘት እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ፣ አፕቲትዩድና የየዘርፉ ትምህርቶች ናቸው። በክፍል ውጤቷና በደረጃዋ ላይ ግን ይታሰባል፤ እስከ ትናንት አንደኛ ስትወጣ የነበረች ልጅ በአንድ ትምህርት 40 ስታመጣ ልቧ ይሰበራል።

ትምህርት ቤቱ ቋንቋውን ተምረው ለማያውቁ አዲስ ገቢዎች ምን እንደሚያደርግ፣ ከመነሻው የሚያስተምር ተጨማሪ ክፍለ ጊዜ እንዳለ፣ ምዘናው እንዴት እንደሚሆን በምዝገባ ጊዜ ይጠየቅ። ኦሮምኛ የሚጻፈው በቁቤ፣ ማለትም በላቲን ፊደል፣ ስለሆነ እንግሊዝኛ ማንበብ ለምታውቅ ልጅ ፊደሉ አዲስ አይሆንባትም፤ እንደ c፣ q እና x ያሉት ፊደላት ያላቸውን የተለየ ድምፅ፣ አናባቢ ሲደጋገምና ተነባቢ ሲጠብቅ የሚለወጠውንም ድምፅ ግን ቀድማ መልመድ አለባት። በክረምቱ ከሰፈር ልጅ ጋር ቀን በቀን ብትለማመድ መስከረም ላይ መጽሐፉን ለመከተል ያህል ትደርሳለች። ቋንቋው ለሰፈሩም፣ ለገበያውም፣ ለጓደኛም ስለሚያስፈልጋት ጊዜው አይባክንም። በተቃራኒው፣ ክፍል ውስጥ መምህሩ እንግሊዝኛውን በየትኛው ቋንቋ እንደሚያብራራ ማወቅ ደግሞ ለሒሳብና ለሳይንስ ይጠቅማል። በአፍ የሚሰጠው ማብራሪያ ልጅቷ በማታውቀው ቋንቋ ከሆነ ጓደኞቿ የተረዱት እሷን ያልፋታል።

ሃይማኖትና አለባበስ

ጅማ ሙስሊሙ፣ ኦርቶዶክሱና ፕሮቴስታንቱ ተጎራብተው የሚኖሩባት ከተማ ናት፤ ትምህርት ቤቶቿም እንዲሁ ናቸው። በሃይማኖት ተቋም የተመሠረተም ሆነ ያልተመሠረተ ትምህርት ቤት ስለ ሒጃብ፣ ስለ ነጠላ፣ ስለ ቀሚስ ርዝመት፣ ስለ ዓርብ ስግደት ሰዓትና ስለ ጾም ቀን ምሳ ያለውን ደንብ በጽሑፍ ይጠይቁ። በቃል የተነገረ ደንብ ዩኒት ሊደሩ ሲቀየር ይለወጣል። ልጅዎ ያልሆነችበት እምነት መዝሙርና ጸሎት ላይ መገኘት ግዴታ መሆኑንና አለመሆኑንም ከመክፈልዎ በፊት ይወቁት።

ገንዘቡ

ወርኃዊ ክፍያው ብቻውን አይነገር፤ ምዝገባ፣ መጽሐፍ፣ ዩኒፎርም፣ ሰርቪስ፣ ቱቶሪያልና የሙከራ ፈተና ተደምረው የዓመቱ ሂሳብ ይጻፍልዎት። ጭማሪ በየስንት ዓመቱ እንደሚደረግና ከወላጆች ኮሚቴ ጋር ተመክሮ እንደሆነ ይጠየቅ። ውድ ትምህርት ቤት ለሴት ልጅ የተሻለ ነው የሚለው እምነት ብዙ ወላጅ ያሳስታል፤ ከፍ ካለው ክፍያ ላይ የሚቀረውን ልዩነት ለማጥኛ መብራትና ለአስተማማኝ መጓጓዣ ማዋል የበለጠ የሚጠቅምባቸው ቤቶች አሉ። እህትና ወንድም አብረው የሚገቡ ከሆነ ቅናሽ ይጠየቅ፤ አቅም ሲያጥር ወንዱን የግል፣ ሴቷን የመንግሥት ማድረግ የሚመጣውም እዚህ ላይ ስለሆነ፣ ሒሳቡ ለሁለቱም አንድ ላይ ይሠራ። በጅማ እንደ ጅሬንና ሰቶ ሰመሮ ያሉ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችም እዚሁ መመሪያ ላይ ባሉት ጥያቄዎች ሊመዘኑ ይገባል፤ የመንግሥት በመሆናቸው ብቻ ከዝርዝሩ አይውጡ።

ሰነድና ምዝገባ

ምዝገባ የሚበዛው ከሐምሌ እስከ ጳጉሜን ነው። ከቀድሞው ትምህርት ቤት መልቀቂያ፣ የየዓመቱ ካርድ ወይም ትራንስክሪፕት በማኅተም፣ የ8ኛ ክፍል ፈተና ውጤት ዋናውና ፎቶ ኮፒው፣ የልደት ምስክር ወረቀትና ጉርድ ፎቶ ይዘው ይምጡ። መልቀቂያው ላይ ልጅቷ ያለፈችበት ክፍል በግልጽ ይጻፍ፤ «ወደ 10ኛ ተዛውራለች» የሚል ዓረፍተ ነገር መቅረቱ ብቻ ሰው 350 ኪሎ ሜትር ሊመልስ ይችላል። ክረምት ላይ መዝገብ ቤቶች ለዓመት ፈቃድ ስለሚዘጉ ወረቀቱን ሰኔ ሳያልቅ ያስጨርሱ።

ከሁሉም ስሙን ያስተውሉ። የልጅቷ ስም፣ የአባቷና የአያቷ ስም በ8ኛ ክፍል ውጤቷ፣ በልደት ምስክር ወረቀቷ፣ በፋይዳ መታወቂያዋና በአዲሱ ትምህርት ቤት መዝገብ ላይ በአማርኛውም በእንግሊዝኛ ፊደሉም አንድ ዓይነት ይጻፍ። በኦሮሚያ መዝገብ ስሙ በቁቤ ሲጻፍ ፊደላቱ ከእንግሊዝኛው አጻጻፍ ሊለዩ ይችላሉ፤ ልዩነቱ 9ኛ ክፍል ላይ በማመልከቻ ይታረማል፣ 12ኛ ክፍል ላይ በፈተና ምዝገባ ሰሞን ሲገኝ ግን ወረፋና መንከራተት ነው።

ከተመዘገቡም በኋላ የመጀመሪያው ሴሚስተር እንደ ሙከራ ይታይ። እስከ ኅዳር ድረስ ልጅቷ የሴት መምህር ስም ካልጠራች፣ ውኃ ላለመጠጣት ጠርሙሷን ሙሉውን ይዛ ከተመለሰች፣ ወይም መንገድ መቀየር ከጀመረች፣ ለካርድ ቀን ሳይጠብቁ ስም ጠሪዋን ያነጋግሩ። ትምህርት ቤት መቀየር ካስፈለገ በሴሚስተሩ መጨረሻ የአጋማሽ ውጤቷ ተሞልቶ መልቀቂያ ሲሰጥ ይቀየር፤ 9ኛና 10ኛ ክፍል ላይ ይህ አይከብድም። ለተከፈለ የምዝገባ ገንዘብ ብሎ ዓመቱን ማስጨረስ አያስፈልግም።